ቤት ከመሸጡ በፊት፦ ስለ ኩላሊት ካንሰር አዲሱ ሕክምና ልናውቀው የሚገባ



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በየመስጊዱ በር የሚነገሩ የእርዳታ ጥሪዎች ለሁላችንም የተለመዱ ናቸው። ለኩላሊት እጥበት፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና፣ ለነቀላ ተከላ የሚደረጉ መዋጮዎች ብዙ ወገኖቻችንን ደግፈዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥሪ ተጨምሯል። "ካንሰሩ ተሰራጭቷል፤ ነገር ግን በውጭ አገር አዲስ መድኃኒት አለ ተብለናል" የሚል ነው። የሚጠየቀው ገንዘብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ቤተሰቡ ቤቱን ለመሸጥ ደላላ ጠርቷል፤ ዐረብ አገር ያለችው ልጅ የዓመታት ጥሪቷን ልካለች፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉት ዘመዶች በየቴሌግራሙ መዋጮ ጀምረዋል።

ያ "አዲስ መድኃኒት" ብዙውን ጊዜ ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው ነው። የሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ኃይል ራሱ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ ሕክምና ነው። ውጤቱ በግልጽ ከታየባቸው ሕመሞች አንዱ ደግሞ ከኩላሊት አልፎ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ነው። ስለዚህ ጥያቄው "መድኃኒቱ እውነት ነው ወይስ ማታለያ?" የሚል አይደለም። መድኃኒቱ እውነት ነው። ጥያቄው ለማን፣ ምን ያህልና በምን ዋጋ የሚለው ነው። ይህን ሳያውቁ ቤት መሸጥ ታካሚውንም የሚተርፉትንም ሊጎዳ ይችላል። በዛሬው ትንታኔያችን ይህንኑ እንመለከታለን።

መድኃኒቱ ከየት መጣ?

የኩላሊት ካንሰር በተለመደው ኪሞቴራፒ እምብዛም የማይበገር ሕመም ነው። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን በእጃቸው የነበረው ዋና መሣሪያ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ሕመሙ ከተሰራጨ በኋላ ግን ብዙም የሚያደርጉት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ በ1992 በአሜሪካ ኢንተርሉኪን-2 የተባለ መድኃኒት ተፈቀደ። ይህም የበሽታ መከላከያን የሚያነሳሳ ነበር። ከመቶ ታካሚዎች ጥቂቶቹን ለረጅም ዓመታት ከሕመሙ ነጻ ቢያደርግም ጉዳቱ ከባድ ስለነበር ጠንካራ ለሆኑ ሰዎች ብቻ በትላልቅ ሆስፒታሎች ይሰጥ ነበር።

በ2005 እና በ2006 ሶራፌኒብና ሱኒቲኒብ የተባሉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች መጡ። እነዚህ ለዕጢው ደም የሚያደርሱ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንዳያድጉ የሚያደርጉ ናቸው። ካንሰሩን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ገትተው ያቆያሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በደማችን ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት የራሳችንን አካል እንዳያጠቁ የሚገታቸው ፍሬን አላቸው። ካንሰር ይህን ፍሬን በመጠቀም ራሱን ይሰውራል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚለቀቅ ባደረጉት ምርምር በ2018 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ተጋርተዋል። ኒቮሉማብ፣ ፔምብሮሊዙማብና ኢፒሊሙማብ የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን ፍሬን የሚለቁ ናቸው።

ኒቮሉማብ ቀደም ሲል ሌላ መድኃኒት ለወሰዱ የኩላሊት ካንሰር ታካሚዎች በ2015 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2018 ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ በአንድነት፣ በ2019 ደግሞ ፔምብሮሊዙማብ በአፍ ከሚወሰደው አክሲቲኒብ ጋር ለመጀመሪያ ሕክምና ተፈቀዱ። ዛሬ በበለጸጉ አገራት ሕመሙ ለተሰራጨበት ሰው በመጀመሪያ የሚታሰበው ሕክምና ከእነዚህ ጥምረቶች አንዱ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በየማኅበራዊ ሚዲያው "ካንሰርን ያጠፋ መድኃኒት" ሲባል እንሰማለን። በሌላ ወገን "ይህ ሁሉ የኩባንያዎች ንግድ ነው" የሚሉም አሉ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ከ1,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት አንድ ትልቅ ጥናት ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብን ከሱኒቲኒብ ጋር አነጻጽሯል። መካከለኛና ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ታካሚዎች መካከል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት፣ ሱኒቲኒብ ከወሰዱት ከ100ው 31፣ አዲሱን ጥምረት ከወሰዱት ደግሞ ከ100ው 43 ነበሩ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደጋግመን እንመልከታቸው። በድሮው መድኃኒትም ቢሆን 31 ሰዎች አምስት ዓመት ኖረዋል። በአዲሱ መድኃኒትም ቢሆን 57 ሰዎች አምስት ዓመት አልሞሉም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 12 ሰው ነው። 12 ሰው ማለት ቀላል አይደለም፤ አሥራ ሁለት አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶች ናቸው። በዚሁ ጥናት ከ100 ታካሚዎች 9 ያህሉ ዕጢያቸው በምርመራ ጨርሶ የማይታይበት ደረጃ ደርሰዋል፤ በሱኒቲኒብ ይህ የታየው በ1 ብቻ ነበር። ከእነዚህ መካከል መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላም ለዓመታት ሕመሙ ያልተመለሰባቸው አሉ። ይህ ከ20 ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

ሁለተኛው ጥናት በ861 ታካሚዎች ላይ ፔምብሮሊዙማብና አክሲቲኒብን ከሱኒቲኒብ ጋር ያነጻጸረው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ በሕይወት የነበሩት ከ100ው 90 እና 78 ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ፤ 42 እና 37 ሆነ። ለዚህ አንዱ ምክንያት በሱኒቲኒብ የጀመሩት ብዙ ታካሚዎች ሕመማቸው ሲብስ ኢሚውኖቴራፒውን በሁለተኛ ደረጃ ማግኘታቸው ነው። ሁለተኛ ዕድል ያልነበራቸው ቢሆኑ ልዩነቱ ሰፋ ሊል ይችል ነበር። ያም ሆኖ በርካሹ መድኃኒት የጀመረ ሰው ወዲያው "ተስፋው ተቆርጧል" ማለት እንዳልሆነ ቁጥሮቹ ያሳያሉ።

አንድ ቤተሰብ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው። ምርጫው "መድኃኒቱን ካገኘ ይድናል፣ ካላገኘ ይሞታል" የሚል አይደለም። ምርጫው በተሻለ ዕድልና ባነሰ ዕድል መካከል ነው። ውጤቱ በአላህ (ሱ.ወ) እጅ ነው፤ የዕድሉን መጠን ማወቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ለሁሉም ታካሚ እኩል አይሠራም

ሐኪሞች የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ያለበትን ሰው በስድስት ነጥቦች ይመዝናሉ። ሕመሙ ከታወቀበት ጊዜ አንስቶ መድኃኒት እስከሚያስፈልግበት ያለው ጊዜ ከአንድ ዓመት ያነሰ ነው? ታካሚው ዕለታዊ ሥራውን በራሱ መሥራት አቅቶታል? የደም መጠኑ (ሄሞግሎቢን) ዝቅ ብሏል? በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ብሏል? ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ በዝቷል? ፕሌትሌት በዝቷል? አንዱም ከሌለበት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ካለበት መካከለኛ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ካለበት ከፍተኛ ይባላል።

ልብ እንበል፤ ከስድስቱ አራቱ በተራ የደም ምርመራ የሚታወቁ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ በጥያቄ ብቻ ይታወቃሉ። ስለዚህ ታካሚው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከላይ የጠቀስነው የኒቮሉማብና የኢፒሊሙማብ ጥቅም ጎልቶ የታየው በመካከለኛና ከፍተኛ ስጋት ላይ ባሉት ነው። ዝቅተኛ ስጋት ባለባቸው ላይ ይህ ጥምረት ከሱኒቲኒብ መብለጡ በግልጽ አልታየም። እንዲያውም ሕመማቸው ቀስ እያለ የሚሄድና ምልክት የሌለባቸው አንዳንድ ታካሚዎች ለጊዜው ምንም መድኃኒት ሳይጀምሩ በየወራቱ በሲቲ ስካን ክትትል ብቻ ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ ቸልተኝነት ሳይሆን የታወቀ የሕክምና መንገድ ነው።

ስለ ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ ነው። ካንሰሩ በኩላሊት ውስጥ ብቻ ካለ ኩላሊቱን ወይም ዕጢውን ማውጣት ዋናው ሕክምና ነው። ከተሰራጨ በኋላ ግን "ቶሎ ኩላሊቱ ይውጣ" ማለት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በ2018 ይፋ የሆነና 450 ታካሚዎች የተሳተፉበት የፈረንሳይ ጥናት፣ መካከለኛና ከፍተኛ ስጋት ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ቀዶ ሕክምናውን ትቶ በመድኃኒት መጀመር ከቀዶ ሕክምናው እንደማያንስ አሳይቷል። ስንት ቤተሰብ ነው የመጀመሪያውን ብር ለማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና አውጥቶ ለመድኃኒቱ ባዶ እጁን የሚቀረው?

ሌላም አለ። እነዚህ ጥናቶች በዋናነት የተሠሩት "ክሊር ሴል" በሚባለውና ከኩላሊት ካንሰሮች አብዛኛውን በሚይዘው ዓይነት ላይ ነው። ሌሎች ዓይነቶች ላይ ውጤቱ የተለየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የናሙና ምርመራው (ባዮፕሲ ወይም ፓቶሎጂ) ውጤት ሳይታወቅ ስለ መድኃኒቱ ዋጋ መነጋገር ከመድረሻው በፊት ኪራይ መክፈል ነው።

ጉዳቱና ክትትሉ

ኢሚውኖቴራፒ ፀጉር ስለማያረግፍና እንደ ኪሞቴራፒ ስለማያስመልስ "ቀላል" ነው የሚሉ አሉ። የመከላከያው ፍሬን ሲለቀቅ ግን ሕዋሳቱ ጤነኛውን አካል ሊያጠቁ ይችላሉ። አንጀት፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ የታይሮይድና ሌሎች ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ሊቆጡ ይችላሉ። ከላይ በጠቀስነው ጥናት ጥምረቱን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 46ቱ ላይ ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት ታይቷል። በሱኒቲኒብ ከወሰዱት ላይ የታየው 63 ስለነበር ይህ ከእርሱ ያነሰ ነው፤ ይሁን እንጂ በጥምረቱ ምክንያት ሕይወታቸው ያለፈ 8 ታካሚዎችም ነበሩ።

ለአብዛኛው ጉዳት ሕክምናው ስቴሮይድ የሚባለው ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ዋናው ነገር በጊዜ መታወቁ ነው። የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ አዲስ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ከልክ ያለፈ ድካምና ውሃ ጥም ሲታይ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጉዳቱ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ይህም ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ታይላንድ ሄደው አንድ ሁለት ዙር ወስደው ለሚመለሱ ወገኖቻችን ትልቅ ጉዳይ ነው። አገር ቤት ክትትል የሚያደርግላቸው የካንሰር ሐኪም ሳያዘጋጁ መሄድ የለባቸውም። ከሐኪም የተሰጣቸውን ሙሉ ወረቀት ይዘው መመለስም ግድ ነው።

በሻንጣ ስለሚመጣው መድኃኒት አንድ ነገር እንበል። እነዚህ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መጓጓዝና መቀመጥ አለባቸው። በሻንጣ ከአገር አገር ተንከራትቶ፣ ማቀዝቀዣው መብራት ጠፍቶበት ያደረ ብልቃጥ በዶላር ተገዝቶ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሐሰተኛ መድኃኒት የሚሸጡም አይጠፉም። ከታወቀ አስመጪና ፈቃድ ካለው ተቋም ውጭ መግዛት አይገባም።

ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ ሒጃማና የመሳሰሉትን የሚጠቀሙ ታካሚዎች ለሐኪማቸው ይንገሩ። መደበቅ አያስፈልግም። በረመዳን የሚታከሙ ደግሞ ታማሚ የተሰጠውን ፈቃድ እንዳይረሱ እንመክራለን፤ በተለይ ተቅማጥ ወይም የሰውነት ድርቀት ያለበት ሰው፣ በአንድ ኩላሊት የሚኖርም ጭምር፣ መጾሙን ከሐኪሙና ከሚያምነው ዓሊም ጋር ይወስን።

ዋጋው

በአሜሪካ የፔምብሮሊዙማብ አንድ ዙር (በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠው) የዝርዝር ዋጋ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በዓመት 17 ዙር ሲሆን ከ180 ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የሚሰጠው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የሲቲ ስካኑ፣ የደም ምርመራውና የአልጋው ወጪ ሳይጨመር ነው። በሌሎች አገራት ዋጋው ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለተራ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን ዝቅ ያለውም ቢሆን ሰማይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለአንድ ዶላር የሚከፈለው ብር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ከዚያ በፊት የተሰበሰበ ገንዘብ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ዋጋው ይህን ያህል የሆነው መድኃኒቱን መሥራት ይህን ያህል ስለሚያስወጣ ብቻ አይደለም። አምራቾቹ በፓተንት የተጠበቀ ብቸኛ ሻጭነት አላቸው። ፔምብሮሊዙማብ በ2024 ብቻ ለአምራቹ ከ29 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሽያጭ አስገብቷል። ዋናው የአሜሪካ ፓተንት በ2028 ገደማ እንደሚያበቃ ይጠበቃል፤ በርካታ ኩባንያዎችም ተመሳሳዩን ለማምረት እየተዘጋጁ ነው። በቻይና ቶሪፓሊማብ የተባለ ተመሳሳይ መድኃኒት ከአክሲቲኒብ ጋር በ2024 ለኩላሊት ካንሰር ተፈቅዷል። በጥናቱም ካንሰሩ ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ መካከለኛው በሱኒቲኒብ ከነበረው 9.8 ወር ወደ 18 ወር ከፍ ብሏል። በመጪዎቹ ዓመታት ዋጋው ሊወርድ ይችላል የምንለው ከዚህ በመነሳት ነው።

የመጠን ጉዳይም አለ። በ2015 በታተመና 168 የኩላሊት ካንሰር ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት ኒቮሉማብ በሦስት የተለያዩ መጠኖች ተሰጥቶ ነበር። ትልቁ መጠን ከትንሹ ከ30 እጥፍ በላይ ነበር። ዕጢው በግልጽ የቀነሰላቸው ታካሚዎች ግን በሦስቱም ከ100ው 20 ያህል ነበሩ። በሕንድ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሞች ደግሞ በአፍና በአንገት ካንሰር ላይ ከተለመደው መጠን አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ኒቮሉማብ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሰጥተው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከ100ው ከ16 ወደ 43 ከፍ ማለታቸውን በ2023 አሳትመዋል። ይህ ለኩላሊት ካንሰር የጸደቀ መመሪያ አይደለምና ማንም በራሱ መጠን እንዳይቀንስ። ነገር ግን እንደኛ ላሉ አገራት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች መንገድ የሚጠቁም ነው። በመጠኑ ላይ የሚደረግ ጥናት የድሃ አገር ጉዳይ ነው፤ ከመድኃኒቱ ብዛት የሚያተርፈው ኩባንያ በራሱ ተነሳሽነት አይሠራውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2025 ባወጣው አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ፔምብሮሊዙማብን ለተሰራጨ የማሕፀን በር ጫፍ ካንሰር፣ ለአንድ ዓይነት የሳንባ ካንሰርና ለተወሰነ የትልቁ አንጀት ካንሰር አካቷል። ይህ ዝርዝር አገራት መድኃኒት ሲገዙ የሚመሩበት ነው። መድኃኒቱ ለእነዚያ ሕመሞች በርካሽ መግባት ከጀመረ የኩላሊት ካንሰር ታካሚዎችም ተጠቃሚ መሆናቸው አይቀርም። የጤና ሚኒስቴርና የሚመለከታቸው ተቋማት ከአሁኑ ሊዘጋጁበት ይገባል።

ርካሹ ሕክምና፦ በጊዜ ማወቅ

እስካሁን ያወራነው ሕመሙ ከተሰራጨ በኋላ ስላለው ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ያለው ከዚያ በፊት ነው። በአሜሪካ መረጃ መሠረት ካንሰሩ በኩላሊት ውስጥ ሳለ ከተገኘ ከ100 ሰዎች ከ90 በላይ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይኖራሉ። ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘ ግን ከ20 ያነሱ ናቸው። የትኛውም ኢሚውኖቴራፒ ይህን ያህል ልዩነት አላመጣም።

በዓለም ዙሪያ በ2022 ከ430 ሺህ በላይ ሰዎች በኩላሊት ካንሰር መያዛቸውን፣ ከ150 ሺህ በላይ ደግሞ መሞታቸውን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት ያሳያል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ በሁሉም ዓይነት ካንሰር የሚያዙት 80 ሺህ ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን ጅማና ሐረርን በመሳሰሉ ከተሞችም መጀመሩ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ብዙ ወገኖቻችን ወደ እነዚህ ተቋማት የሚደርሱት ዘግይተው ነው።

ዋናው ምልክት ሽንት ውስጥ የሚታይ ደም ነው። በአገራችን ደም የቀላቀለ ሽንት ሲታይ "ኢንፌክሽን ነው፣ ጠጠር ነው" ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶ ይኬዳል። ደሙ ለጥቂት ሳምንት ሲጠፋም ይረሳል። በአንዳንድ አካባቢዎች ቢልሃርዚያም ተመሳሳይ ምልክት አለው። ምክንያቱ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ግን ዕድሜው 40 ካለፈ ሰው ላይ ደሙ ሕመም ሳይኖረው ከመጣ ወይም ከታከመ በኋላ ከተመለሰ አልትራሳውንድ ሊታይለት ይገባል። የአልትራሳውንድ ዋጋ ከአንድ ዙር ኢሚውኖቴራፒ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። በጎን የማይለቅ ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስና ትኩሳትም ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።

ለኩላሊት ካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮችም የታወቁ ናቸው፤ ማጨስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት። በጫት መቃሚያ ቤት የሚጨሰው ሲጋራና ወጣቱን የወረሰው ሺሻ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የደም ግፊታቸውን ሳይለኩ ዓመታት የሚያሳልፉ አባቶችና እናቶች በየቤታችን አሉ። መስጊዶቻችን ከጁሙዓ በኋላ የግፊት ልኬት ፕሮግራም ቢያዘጋጁ የሚጠይቀው አንድ ነርስና አንድ መለኪያ ነው።

የማኅበረሰባችን ድርሻ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘውናል፤ ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለም አስተምረውናል። ይህ ግን ማንኛውም ሕክምና በማንኛውም ዋጋ ግዴታ ነው ማለት አይደለም። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1992 ባወጣው ውሳኔ መታከም በመሠረቱ የተፈቀደ መሆኑን አጽድቆ፣ ሕጉ እንደ ሰውና እንደ ሁኔታው እንደሚለያይ አብራርቷል። መተው ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት የሚዳርግ ሲሆን ግዴታ እንደሚሆን፣ በሌሎች ሁኔታዎች የሚወደድ ወይም የተፈቀደ ብቻ እንደሚሆን፣ ከሕመሙ የባሰ ጉዳት ሲያስከትል ደግሞ የሚጠላ እንደሚሆን ይዘረዝራል። የአንድን ቤተሰብ ሁኔታ መመዘን የዑለማዎቻችንና የሐኪሙ ጥምር ሥራ ነው። አባቱ "ለኔ ብላችሁ ልጆቼን ሜዳ ላይ እንዳታስቀሩ" ሲሉ ሰምቶ የታዘዘ ልጅ አባቱን እንደገደለ ሊቆጥር አይገባም።

መዋጮአችንም ሥርዓት ይፈልጋል። ዛሬ እርዳታ የሚሰበሰበው በዋነኛነት ፎቶው ልብ ለሚነካና ዘመድ ለበዛው ታካሚ ነው። ለአንድ ሰው ሚሊዮን ሲሰበሰብ፣ በዚያው ሳምንት አሥር ሰው በአልትራሳውንድ ገንዘብ እጦት ከሆስፒታል ይመለሳል። ጥሪው በመስጊድ ከመነገሩ በፊት የሕክምና ማስረጃውን የሚያይ፣ ሙስሊም ሐኪሞች ያሉበት አነስተኛ ኮሚቴ በየአካባቢው ቢቋቋም ብዙ ነገር ይስተካከላል። ኮሚቴው ታካሚውን ለመዳኘት አይደለም የሚቀመጠው፤ የትኛው ሕክምና በትክክል እንደሚጠቅመውና አገር ውስጥ ምን እንዳለ ለቤተሰቡ ለመንገር ነው። በሕክምና ዕዳ ውስጥ የገቡና የደኸዩ ሰዎች ከዘካ ተቀባዮች መደብ ውስጥ ሊገቡ ስለሚችሉ፣ በየአካባቢው ያሉ ዑለማዎች መመሪያ ቢሰጡበት መልካም ነው። በዘላቂነት ደግሞ ለካንሰር ምርመራና ለመድኃኒት የሚውል ወቅፍ ማቋቋም ከእኛ ማኅበረሰብ አቅም በላይ አይደለም።

የፓተንት ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶችም አይዘንጉ። ሱኒቲኒብና ፓዞፓኒብን የመሳሰሉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዛሬ በጀነሪክ ይመረታሉ፤ ዋጋቸውም ከኢሚውኖቴራፒ ጋር አይወዳደርም። ኢሚውኖቴራፒ ማግኘት ላልቻለ ታካሚ እነዚህን በጊዜ ማስጀመር ለማይገኝ ገንዘብ ወራት ከመጠበቅ ይሻላል። ሕክምናው የማይሠራበት ጊዜ ሲመጣም ሕመምን የሚያስታግስ ክብካቤ መጠየቅ መብት ነው። ሞርፊን ለካንሰር ሕመም የታወቀና ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ታካሚ በስቃይ እንዲያልፍ የሚያስገድድ ሃይማኖትም ሕክምናም የለም።

ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ቤት ከመሸጡ፣ መዋጮ ከመጀመሩና ትኬት ከመቆረጡ በፊት ቤተሰቡ እነዚህን ጥያቄዎች ጽፎ ወደ ካንሰር ስፔሻሊስት ይዞ ቢሄድ እንመክራለን፦

- የናሙና ምርመራው ክሊር ሴል ነው ይላል ወይስ ሌላ ዓይነት?
- አባታችን ከስድስቱ ነጥቦች ስንቱ አለባቸው? ስጋታቸው ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይስ ከፍተኛ ነው?
- አሁኑኑ መድኃኒት መጀመር አለባቸው ወይስ ለጥቂት ወራት መከታተል ይቻላል?
- ቀዶ ሕክምናው ለእርሳቸው ምን ይጨምራል?
- ኢሚውኖቴራፒው ባይገኝ ዛሬ የሚጀመረው መድኃኒት የትኛው ነው?
- የምንከፍለው ስንት ዙር ድረስ ነው? መሥራቱ የሚታወቀው መቼ ነው? ካልሠራስ የምናቆመው መቼ ነው?
- ጉዳት ቢታይ በሌሊት ለማን እንደውላለን?

ከእነዚህ ውስጥ ስድስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለሁለት ዙር የሚሆን ገንዘብ ይዞ የጀመረ ቤተሰብ በሦስተኛው ዙር ይቆማል፤ ቤቱም ሕክምናውም አይኖርም። ሙሉውን መንገድ የሚያደርስ ገንዘብ ከሌለ ሊጨርሱት በሚችሉት ሕክምና መጀመር ይሻላል።

ሳይንሱ ወደፊት እየሄደ ነው። ኩላሊታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውና ሕመሙ እንዳይመለስ የሚሰጋላቸው ታካሚዎች ለአንድ ዓመት ፔምብሮሊዙማብ ሲወስዱ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ከ100ው ከ86 ወደ 91 ከፍ ማለቱ በ2024 ታትሟል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ኒቮሉማብ በደም ሥር መሰጠቱ ቀርቶ በቆዳ ሥር በደቂቃዎች የሚወጋበት ዓይነት በአሜሪካ ተፈቅዷል። የተሞከረውም በኩላሊት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ነበር። እኛም ዋጋው እስኪወርድ እጃችንን አጣጥፈን ከመጠበቅ ዛሬ በእጃችን ያለውን እንሥራ፤ ግፊታችንን እንለካ፣ ደም የቀላቀለ ሽንትን አንናቅ፣ መዋጮአችንን በእውቀት እናድርግ።

አላህ (ሱ.ወ) ለሕሙማኖቻችን ሙሉ ሽፋእ፣ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብርና ማስተዋልን ይወፍቃቸው። አሚን።